ግላስ የለበሰው መኪና

«ይጠገን ነው የምለው። ነገ አይደለም፣ ዛሬ!»

እንደሻው ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ለቅሶ ቤት ውስጥ ግን ዝቅ ያለ ድምፅ ከጩኸት ይልቅ ይሰማል። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወሬውን አቁሞ ጆሮውን አቀና። ገላነሽ ሰሌኗ ላይ እንደተቀመጠች፣ የተላጨ ራሷን በጥቁር ሻሽ እንደሸፈነች፣ ቀና ብላ የባሏን ታላቅ ወንድም አየችው።

«ጋሼ እንደሻው፣ ሰውዬው ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው።»

«ቀን መቁጠር አላቃተኝም። የተሰበረ መኪና ግቢ ውስጥ ተገትሮ መጪና ሂያጁ ሲያየው ደስ ይልሻል? ይጠገን፣ ይሸጥ፣ ከዓይናችን ይራቅ።»

«ማን አየው? እርስዎ በግላስ ሸፍነውት የለም እንዴ?»

እንደሻው ጋቢውን ወደ ትከሻው መልሶ ከድንኳኑ ወጣ። ወደ ቤት አልገባም፤ ወደ በሩም አልሄደም። መኪናው አጠገብ ሄዶ ቆመ፤ ሦስቱንም ቀን እንደዚያ ነበር የሚቆመው።

ቤቱ ከሐረር ግንብ ከጀጎል ውጭ፣ ሸዋ በር አጠገብ ነበር። የሟቹ የሀብተወልድና የእንደሻው አባት ባላምባራስ ኪዳነወልድ ከሸዋ በፈረስ መጥተው፣ ሐረር ላይ መሬት ተሰጥቷቸው፣ እዚያው አርጅተው የሞቱ ሰው ናቸው። እሳቸው ሲሞቱ እንደ ወጉ ፈረሳቸው ተጭኖ፣ ወርቀ ዘቦ ያለውን ቀይ የፈረስ ልብስ፣ ግላሳቸውን ለብሶ፣ ጋሻቸው በኮርቻው ላይ ተንጠልጥሎ በለቅሶተኛው መካከል ዞሯል። ሀብተወልድ ግን ፈረስ አልነበረውም። የነበረው መኪና ነው፤ ያውም በድሬዳዋ መንገድ፣ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ይዞት ወድቆ የገደለው መኪና። በቀብሩ ዕለት እንደሻው ከአባቱ ሣጥን ግላሱን አውጥቶ መኪናውን አለበሰው። የወንድሙን ኮትና ባርኔጣ ከላዩ አንጠለጠለ። አልቃሿም እንደ ፈረስ ቆጥራ ሙሾ አወጣችለት፦

ገብስ የማይቀምስ ፈረስ፣ ልጓም የማይገታው፣
ወዳጅ መስሎ ወስዶ ደንገጎ ላይ ፈታው።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ገላነሽ ዕንባዋ ቆመ። «ወዳጅ መስሎ» የሚለው ቃል እንደ እሾህ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ግላሱን አየችው። ባላምባራስ ቤት ምራት ሆና ከገባች አሥር ዓመቷ ነው፤ ግላስ የፈረሱን ጀርባና ወገብ እንደሚያለብስ ታውቃለች። እንደሻው ደግሞ ፈረስ ላይ ያደገ ሰው ነው። ታዲያ መኪናው በስተኋላ ባዶውን ቆሞ ግላሱ በሾፌሩ በር በኩል እስከ መሬት የወረደው ለምንድን ነው? ያን ያህል ወርቀ ዘቦ አፈር ላይ የሚጎተተው ምን ሊከልል ነው?

ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ሰሌኗ ላይ ተቀምጣ ያሰበችው ስለ ሞት አልነበረም። ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባሌን ማን ገደለው? መኪናው ከዚህ ግቢ ከመውጣቱ በፊት ይህን ካላወቅሁ፣ መቼም አላውቀውም።

ጎረቤቷ ለተማርያም ንፍሮ በሰፌድ ይዛ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ለተማርያም ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ግን ምላሷን አይጠብቅላትም።

«ቅመሺ እንጂ። ሦስት ቀን ባዶ ሆድ!»

«አልራበኝም።»

«እኔማ የምለው... መቼም ከሞተ ሰው ላይ ክፉ አይወራም። ግን ሰው ዝም አይልም። ጠጅ ቤት አድሮ ነው አሉ የወጣ።»

ገላነሽ ቀስ ብላ ዞረች። «ማን ነው ያለው?»

«ሰው ነዋ።»

«ሰው የሚባል ስም ያለው ሰው የለም። ስሙን ንገሪኝ።»

«እንግዲህ አንቺ ደግሞ! የሰማሁትን ነው እንጂ እኔ ምን አውቄ?» አለች ለተማርያም ሰፌዱን ወደሷ እየገፋች። ፊቷ ግን የሰማችበትን አፍ እንደምታውቅ ይናገር ነበር።

ጠጅ! ለቅሶ ቤት ከተጣለ ድንኳን በፊት የሚቆመው ሐሜት ነው። ሰው የሟቹን ንፍሮ እያላመጠ የሟቹን ስም አብሮ ያላምጣል፤ ከዚያ አፉን ጠርጎ «ነፍሱን ይማር» ይላል። ሀብተወልድ ጨጓራው የታመመ ሰው ነበር። በሠርጉ ዕለት እንኳ ብርሌ አንሥቶ ከንፈሩን አስነክቶ መልሶታል። ይህን ሸዋ በር ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ገላነሽን ያናደዳት ውሸቱ አይደለም፤ ውሸቱን እያወቁ መቀባበላቸው ነው።

መኪናው ሸዋ በር መጀመሪያ የደረሰ ዕለት ትዝ አላት። ሀብተወልድ ድሬዳዋ ሁለት ዓመት ለአንድ ፈረንጅ ሠርቶ፣ መንዳት ተምሮ፣ ያገለገለ መኪና ገዝቶ መጣ። ገበያተኛው እንጨቱንና ቅርጫቱን ጥሎ ሲሸሽ፣ እሱ መሪውን ይዞ እንደ አባቱ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። እንደሻው በሩ ላይ ቆሞ «አባታችን ከመቃብር ቢነሡ ምን ይሉሃል? ሽታው እንኳ የፈረስ አይደል!» ቢለው፣ «ጋሼ፣ ገብስ አይጠይቅ፣ አይደክም፣ አይናከስ። አባባ ቢነሡ መጀመሪያ እኔን አሳፍረኝ ነው የሚሉት» አለው። ሰው ሳቀ። እንደሻውም ሳይወድ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ፈረስ መጋላ ገበያ ላይ የሀብተወልድ ስም ቃሉ ነበር። ዕቃ ሲያደርስ የሚፈርም አልነበረም። «ሀብተወልድ አደርሳለሁ ካለ ደረሰ በለው» ይሉ ነበር የጀጎል ነጋዴዎች። በዚህ ይኮራ ነበር። ምናልባትም ከመጠን በላይ ይኮራ ነበር፤ ገላነሽ ግን ይህን በዚያን ጊዜ አላየችውም።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሐጂ ዐብዱልገኒ መጡ። ጀጎል ውስጥ ሱቅ ያላቸው፣ መኪናውን ለመግዛት ከሀብተወልድ ጋር ቃል የጨረሱ ሰው ናቸው። ሀብተወልድ ይህን ሸጦ ትልቅ የጭነት ካሚዮን ሊገዛ፣ እሳቸው ደግሞ ልጃቸውን ሰዐዲያን ድሬዳዋ ሲድሩ ሙሽራዋን በገዛ መኪናቸው ሊወስዱ ነበር። ርክክቡ እሑድ ይሁን ተብሎ ሀብተወልድ ዓርብ ሞተ።

ሐጂ ጫማቸውን ከድንኳኑ ደጅ አውልቀው ገቡ።

«ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ሶብሩን ይስጥዎት፣ ወይዘሮ ገላነሽ።»

«አሜን፣ ሐጂ። ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። የቀረበላቸውን የቡና ቅጠል ቁጢ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳይጠጡ ቆዩ። በመጨረሻ ወደሷ ጠጋ ብለው፣ «ሟች ስለ መኪናው የነገሩዎት ነገር ነበር?» አሉ።

«ስለ መኪናው ምን?»

«እንዲያው። ማንኛውም ነገር።»

«ለእርስዎ ያልነገረዎትን ለእኔ የሚነግረኝ ምን ነገር አለ?»

«እሱን ነው እኮ የምጠይቀው» አሉ ሐጂ። ከዚያ ግላሱን በድንኳኑ አፍ አሻግረው እያዩ፣ «እኔ በቃሌ ነኝ። አታስጠግኑት። እንደተሰበረ፣ እንዳለ እወስደዋለሁ። ዛሬም ቢሆን ሰው ልኬ አስጎትተዋለሁ» አሉ።

ገላነሽ አመሰገነቻቸው። ሲወጡ ግን ዓይኗ ተከተላቸው። ሐጂ ወደ በሩ ሲሄዱ በመኪናው በኩል ዞሩ፤ ጎንበስ ብለው በግላሱ ሥር ሊያዩ ሲሉ እንደሻው ከኋላ መጥቶ «ሐጂ፣ ልሸኝዎት» ብሎ ክንዳቸውን ያዘ።

እንዴት ያለ ነገር ነው! አንዱ ዛሬውኑ ካልጠገንሁት ይላል። አንዱ ስብርባሪውን በሙሉ ዋጋ ዛሬውኑ ካልወሰድሁት ይላል። ጤነኛ ነጋዴ የተሰበረ ዕቃ «እንዳለ» ይገዛል? ጤነኛ ወንድም አፈሩ ሳይደርቅ ለመኪና ይቸኩላል? ደግሞ ሦስተኛውስ? ጀጎል ውስጥ ብረት የሚሠራው ዐብዱናስር፣ መኪናው ሲታመም ሁሉ የሚያክመው፣ ከሀብተወልድ ጋር እንደ ወንድም የነበረው፣ እስካሁን ለቅሶ አልደረሰም። ገላነሽ ሦስቱን በልቧ ጎን ለጎን አቆመቻቸው። ከሦስቱ አንዱ ያውቃል። ምናልባትም ሦስቱም።

በአምስተኛው ቀን ጧት ለቅሶተኛው ገና ሳይሰበሰብ ተነሥታ ወደ መኪናው ሄደች። የግላሱን ጫፍ ከመያዟ እንደሻው ከየት መጣ ሳይባል ፊቷ ቆመ።

«ሐዘንተኛ ከሰሌኗ አትነሣም።»

«ልይ።»

«ምኑን ነው የምታይው? ደሙን?»

«ደሙን አይቻለሁ። እርስዎ የሚደብቁትን ነው የማየው።»

የእንደሻው ፊት ቀላ። «አንቺ ሴት፣ ወንድሜን ነው ያጣሁት!»

«እኔስ? ዶሮ ነው የጠፋብኝ?»

ከዚያ እንደሻው ድምፁን አለስልሶ፣ «ከድሬዳዋ አንድ ግሪክ ጠጋኝ አስጠርቻለሁ። ነገ ይመጣል። ጠግኖ ይሄዳል፣ አለቀ» አለ።

«ለምን ግሪክ? ዐብዱናስር እዚሁ ጀጎል ውስጥ አለ። መኪናውን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።»

«ዐብዱናስር አይሆንም።»

«ለምን?»

«አይሆንም አልኩ!»

ገላነሽ የፈለገችውን ያህል ሰማች። ወደ ድንኳኑ ተመልሳ ለተማርያምን ጠራቻት። «ወሬ ስታመላልሺ አይደክምሽም፤ ዛሬ ደግሞ ለእኔ አንድ ወሬ አድርሺልኝ። ወደ ጀጎል ግቢ። ለዐብዱናስር፣ ገላነሽ አሁኑኑ ና ብላለች፣ ካልመጣህ የባሌ ገዳይ አንተ ነህ ብዬ ፈረስ መጋላ ላይ እጮሃለሁ ብላለች በይው።»

ለተማርያም ነጠላዋን እያስተካከለች በሩጫ ሄደች። እንደዚያ ያለ መልእክት በሕይወቷ አግኝታ አታውቅም።

ዐብዱናስር የከሰል ጥላሸቱን ሳይታጠብ፣ የመሣሪያ ከረጢቱን እንደያዘ መጣ። ከግቢው በር ላይ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ገላነሽ መኪናው አጠገብ ቆማ ጠበቀችው። እንደሻው በወዲያ በኩል ቆሟል።

«እመቤቴ፣ አላህ ያጥናሽ...»

«አምስት ቀን የት ነበርህ?»

«እኔ አልነካሁትም» አለ ዐብዱናስር።

«ያልጠየቅሁህን ለምን ትመልሳለህ? ምኑን ነው ያልነካኸው?»

ብረት ሠሪው እንደሻውን አየ። እንደሻው ፊቱን አዞረ።

«ወደሱ አትይ! እኔን እየኝ። ምኑን?»

«የፍሬኑን ዘንግ» አለ። «ከመርገጫው ወደ ጎማዎቹ የሚሄደውን ዘንግ። ከመሞቱ በፊት ሁለት ሳምንት ይሆናል፣ ከሥር ገብቼ አየሁት፤ ተሰንጥቋል። ወላሂ ነግሬዋለሁ። ሀብተወልድ፣ ይኼ ዘንግ ደንገጎ ላይ ይከዳሃል፣ የእጅ ፍሬኑ ብቻውን ያን ቁልቁለት አይችልም፣ ሁለት ቀን ተወኝና አዲስ ልቀጥቅጥ አልኩት። ነገ አመጣዋለሁ አለኝ። አላመጣውም። ስሰማ... በምን ፊቴ ልምጣ? በጉልበት ማስቀረት ነበረብኝ።»

ገላነሽ የመኪናውን በር ያዘች። ከመሞቱ በፊት የነበረ አንድ ማታ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ሀብተወልድ እራት እየበላ ነበር። «አንድ የሚጠገን ነገር አለው፤ ልሽጠው ወይስ ጠግኜ ልሽጠው?» አላት፤ እንደ ቀልድ፣ ቀና ሳይል። እሷም ወጥ እየጨለፈች እንደ ቀልድ መለሰችለት። «የሚሸጥ ነገር ደግሞ ምን ያስጠግናል? ለሰው ቤት ሙሽራ ታስውባለህ እንዴ? አጥበህ ስጠው!» እሱም ሳቀ። ምኑ እንደተሰበረ አልጠየቀችውም። የተቀደደ ወንበር መስሏት ነበር።

«አዲስ ካልቀጠቀጥህለት ታዲያ በምን ነዳው?» አለች፤ ድምፁ የራሷ አልመሰላትም።

ገላነሽ ግላሱን በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው። ወርቀ ዘቦው በሩ ላይ ተያዘ፤ ጨምራ ሳበችው፤ ቀይ ሆኖ መሬት ላይ ተከመረ። ዐብዱናስር በጀርባው ተኝቶ ከመኪናው ሥር ገባ፤ ጥቂት ቆይቶ እጁን ወደ ውጭ ዘረጋ። እጁ ላይ የነበረው የተቆረጠ ብረት ነው። በብረቱ ጫፍ ላይ የተጠመጠመ፣ ላልቶ የተንጠለጠለ ጠፍር ነበር።

የከብት ቆዳ ጠፍር! ርጥቡን ጠምጥመው ፀሐይ ላይ ካደረቁት እንደ ብረት የሚይዝ። ባላምባራስ ኪዳነወልድ የተሰነጠቀ የጠመንጃ ሰደፋቸውን እንደዚያ ጠፍረውት አርባ ዓመት ተኩሰውበታል። ጠመንጃው እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጥምጥሙ አንድ ነው፤ ሦስት ዙር ወደ ቀኝ፣ አንድ ዙር መልሶ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተወሸቀ። ይህን አጠማጠም ከባላምባራስ ልጆች በቀር የሚችለው የለም።

ገላነሽ ወደ እንደሻው ዞረች። «አንተ!» አለች፤ እርስዎ ማለቱ ከአፏ ጠፋ።

«እኔ አይደለሁም!» አለ እንደሻው፤ ከመኪናው በር ሥር ያለው መወጣጫ ላይ ተቀመጠ። «እሱ ነው። ራሱ ነው የጠፈረው። መኪናውን ከደንገጎ ስናስጎትት ሥሩን አየሁ። የአባታችንን እጅ እዚያ አፈር ውስጥ ያየሁ መሰለኝ። ሊሸጠው በወሰነው ነገር ላይ ማን ይለፋል? እስኪሸጠው እንዲይዝለት ጠፈረው። ለዐብዱልገኒ ነውር የለበትም ብሎ ምሎ ነበር፤ እዚያው ፈረስ መጋላ ላይ፣ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ሰው ይህን ቢያይ ምን ይላል? ሀብተወልድ ቃሉ የታመነ፣ ሀብተወልድ ወንድሜ... ሙሽራ የምትሄድበትን መኪና በጠፍር አስሮ ሊሸጥ ነበር ይላል!»

«ስለዚህ ሸፈንከው።»

«ሸፈንሁት።»

«የጠጁንስ ወሬ?»

እንደሻው መሬት የወደቀውን ግላስ ጫፍ ወደ ራሱ ሳበ።

«የጠጁንስ?»

«ሰካራም ቢባል ይሻላል» አለ እንደሻው፤ እየጮኸ ነበር። «ሰካራም ይታዘንለታል! የማይጠጣ ማን አለ? አታላይ ግን እስከ ልጅ ልጁ ድረስ አታላይ ነው። እኔ ነኝ ያወራሁት። ለለተማርያም ነገርኋት፤ የቀረውን እሷ ሠራችው።»

ለተማርያም ከድንኳኑ አፍ ላይ ሆና ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጨምረው ቃል አጣች።

ገላነሽ ልትጮህበት አፏን ከፈተች። ግን ዐብዱናስር ጠፍሩን በጣቶቹ እያሸ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ይኼስ ነገር አልገባኝም» አለ። «ጠፍር ደረቅ ከሆነ ይይዛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይዞ የለም እንዴ? ደንገጎን በዚህ ጠፍር ስንት ጊዜ ወርዷል። ይኼ ውሃ ጠግቦ ነው የላላ። እዩት፣ ቆዳው አብጦ ነበር። በኅዳር ዝናብ የለ፤ መንገዱ ላይ ወንዝ የለ። ውሃው ከየት መጣ?»

ማንም የሚያውቅ የለም። እንደሻው አያውቅም፤ ዐብዱናስር አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉም በላይ የምታውቀው ገላነሽ ብቻ ነበረች።

ሊሞት አንድ ቀን የቀረው ሐሙስ ነበር። ሀብተወልድ ድሬዳዋ የመጨረሻ ጭነቱን ለማድረስ በማግሥቱ ጧት በማለዳ ሊነሣ፣ እሑድ መኪናውን ሊያስረክብ ነበር። ቀትር ላይ እሱ ጀጎል ሄዶ ሳለ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ መኪናውን ማጠብ ጀመረች። ለሽያጭ ይመርለት ብላ። አሥር እንስራ ውሃ ነው የፈሰሰበት። ጎማውን፣ በሩን፣ ፋኖሱን። ከሥሩ የተጋገረው ጭቃ አላምር ቢላት በሆዷ ተኝታ በመጥረጊያ እየፋቀች ውሃውን በጣሳ ወደ ላይ እየረጨች አጠበችው። አመሻሽ ላይ መጥቶ ሲያየው መኪናው እስከ ሆዱ እየተንጠባጠበ ይብረቀረቅ ነበር። ሀብተወልድ በሩ ላይ ቆመ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ፊቷ በጭቃ ተለቅልቆ፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ረጥቦ፣ እየሳቀች ታየዋለች። «እንዴት ነው?» አለችው። ጥቂት አየት አደረጋትና፣ «አዲስ አስመሰልሽው» አለ። ከዚያ ወደ ቤት ገባ።

ያኔ አለመናገሩ የደስታ መስሏት ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች ገላነሽ። «ውሃው ከእኔ ነው። እኔ ነኝ ያጠብሁት።»

በሰባተኛው ቀን ሐጂ ዐብዱልገኒ ተመለሱ። እንደሻው ከመምጣታቸው በፊት ገላነሽን ቤት ውስጥ ይዟት ነበር። «አራት ሰው ነን የምናውቀው። ዐብዱናስር አይናገርም፤ ለተማርያምን እኔ አፏን አዘጋታለሁ። ዘንጉ አዲስ ይሆናል፣ መኪናው ጤነኛ ይሆናል፣ ሐጂ ምን ይጎዳሉ? በወንድሜ አጥንት እለምንሻለሁ፣ ዝም በይ!» ገላነሽ አንገቷን ደፍታ ሰማችው። እንደሻው ክፉ አለመሆኑን አሁን ታውቃለች። ይህም ነገሩን አላቀለላትም፤ አከበደባት እንጂ። ለጠላት መልስ መስጠት ይቀላል።

ሐጂ ሲገቡ ግላሱ አልነበረም። መኪናው የተጨፈለቀ ፊቱን፣ የተሰበረ ፋኖሱን ለሁሉ አሳይቶ ቆሟል። ገላነሽ ከድንኳኑ ወጥታ ቆመች።

«ሐጂ፣ ባለቤቴ ነውር የለበትም ብሎዎት ነበር።»

«ብሎኛል። ዐይብ አለው ወይ ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ሦስት ጊዜ የለውም ብሎኛል።»

«ነበረበት። የፍሬኑ ዘንግ ተሰንጥቆ ነበር። ያውቅ ነበር። በጠፍር አሥሮታል። የሚሸጥ ነገር አይጠገንም ያልሁት እኔ ነኝ፤ ጠፍሩን በውሃ ያላላሁትም እኔ ነኝ። ጠጅ አልጠጣም። ሐሰት ነው።»

እንደሻው ዓይኑን ጨፈነ።

የሐጂ ጺም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በቁጣ ይሁን በሐዘን አይታወቅም። «ሰዐዲያን» አሉ። «ልጄን ነበር የማስቀምጥበት። ሱብሐነላህ! የማይጠጣ ሰው፣ በብርሃን፣ በሚያውቀው መንገድ ሲወድቅ ያን ጊዜ ነው የጠረጠርሁት። ስብርባሪውን ልውሰድ ያልኋችሁ ዋሽቶኝ እንደሆነ በዓይኔ ላረጋግጥ ነበር።» ወደ መኪናው ሄዱ፤ የተጨፈለቀውን ክዳን በመዳፋቸው መቱት። አንድ ጊዜ፣ በኃይል። «ለምን አልነገርከኝም፣ አንተ ሰው? ጠግነህ ስጠኝ ብልህ እምቢ ትለኝ ነበር?»

ሐጂ ወደ ገላነሽ ተመለሱ፤ ድምፃቸው አሁን ዝቅ ብሏል።

«የዋሸኝን ዐፍው፣ ይቅር ብዬዋለሁ። አላህም ዐፍው ይበለው። መኪናውን ግን እዚሁ ተጠግኖ፣ በዓይኔ አይቼ ነው የምወስደው። ሳይጠገን አልነካውም።»

«ሳይጠገንማ አልሸጥም» አለች ገላነሽ።

በግሪኩ ፈንታ ዐብዱናስር አዲሱን ዘንግ ይዞ መጥቶ ነበር። ሌሊቱንና ቀኑን ቀጥቅጦታል፤ ብረቱ ገና ሰማያዊ ነው። ንፍሮው ሲታደል፣ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ወደ መድኃኔ ዓለም ሲመለሱ፣ እሱ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ይሠራ ነበር። መዶሻው ሲያርፍ የሰዉ ሹክሹክታ ይሰማል፤ «አታላይ ነበር ማለት ነው?» «ኧረ ዝም በል፣ ራሷ እኮ ናት የተናገረችው!» ገላነሽ ሁሉንም ሰማች። አንዱንም ዞራ አላየችም።

«ጨርሻለሁ» አለ ዐብዱናስር ከሥር። «አንድ ሰው ገብቶ መርገጫውን ይርገጥልኝ። ዘንጉ ሲይዝ ልየው።»

ሐጂ እንደሻውን አዩት። እንደሻው እጁን አወናጨፈ፤ መኪና ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም። ሌላውም ሰው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሰው የሞተበትን ወንበር ማን ይቀመጥበታል?

ገላነሽ በሩን ከፈተች። ይህ መኪና በግቢዋ ስድስት ዓመት ሲገባና ሲወጣ፣ ከሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም ነበር። ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። መሪው ተጣሞ ደረቷ ድረስ መጥቷል፤ ወንበሩ በረጅም ሰው ልክ የተሠራ ነውና እግሯ አልደርስ አላት። ወደ ወንበሩ ጫፍ ተንሸራተተች፤ ባዶ እግሯን ዘርግታ መርገጫውን አገኘችው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ በመካከሉ የአንድ ሰው ጫማ ለስድስት ዓመት ያሳሳው ቦታ አለ።

ረገጠች። መርገጫው ጥቂት ወረደ፤ ከዚያ ቆመ። ከታች ብረት ከብረት ጋር ሲያያዝ ተሰማት።

«ያዘ!» አለ ዐብዱናስር። «አልሐምዱሊላህ፣ ያዘ! ልቀቂው።»

እሷ ጨምራ ረገጠች።

«እመቤቴ፣ ይበቃል፣ ይዟል። ልቀቂው።»

ሐጂ ዐብዱልገኒ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ቀረቡና ቆሙ። እንደሻው ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ገላነሽ የተጣመመውን መሪ በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ከፊት ለፊቷ ካለው ግድግዳ ላይ ሳታነሣ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ እንደረገጠች ቀረች።